አንድ ሰው የተሰበሰበበት ምርጫ፦ የቢዩት አውራጃ ወንበር ታሪክ

ለምርጫው ስብሰባ የተገኙት ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ሥራቸው ሆኖ የመጡ ናቸው፤ አንዱ ሸሪፉ፣ ሌላው የምርጫ አስፈጻሚው። ሦስተኛው መራጩ ነበር። መራጩ የሰብሳቢውን ወንበር ያዘና ጉባኤው መከፈቱን አስታወቀ። የመራጮችን መዝገብ ገልጦ ስም ጠራ፤ የራሱ ስም ላይ ሲደርስ ራሱ «አቤት» አለ። ሰብሳቢው ማን ይሁን የሚለውን ለድምፅ አቀረበና ራሱን መረጠ። ቀጥሎ ራሱን ለፓርላማ አጨ፣ ዕጩነቱን ራሱ ደገፈ፣ ድምፅ ይሰጥበት አለ፣ ድምፁንም ሰጠ። ያለ አንዳች ተቃውሞ በሙሉ ድምፅ ተመረጠ።

ይህን ታሪክ በ1831 (ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለብሪታንያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተናገሩት የስኮትላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ፍራንሲስ ጄፍሪ ናቸው። በማዕረጉ ስም ሎርድ አድቮኬት ይባላሉ። ነገሩ የተፈጸመው ከሰው ትዝታ ባልራቀ ጊዜ፣ በስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ ባለችው የቢዩት አውራጃ ነው ብለዋል። ጥሩ ተናጋሪ ታሪክ ሲያወራ ትንሽ ማጣፈጡ አይቀርምና እያንዳንዷ ዝርዝር እንዲሁ ነበረች ብሎ መማል ይከብዳል። ለታሪኩ መሠረት የሆነው ቁጥር ግን ከታሪኩ አይተናነስም። በጊዜው የአውራጃው ነዋሪ 14,000 ያህል ሲሆን መራጩ 21 ነበር። ከ21ዱ ደግሞ በአውራጃው ውስጥ የሚኖረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ቢዩትሸር የሚባለው ያ የምርጫ ክልል ዛሬ የለም። በ1708 ተፈጥሮ በ1918 ከጎረቤቱ ጋር ተቀላቀለ፤ በ1983 ደግሞ ደሴቶቹ ለሁለት ተከፈሉ። እንግዲህ በሞተ ወንበር ላይ ጽሑፍ ማባከን ለምን ያሰኝ ይሆናል። ነገሩ ግን አልሞተም። ብሪታንያ የምርጫ ክልሎቿን ድንበር እንደ አዲስ ቆርጣ በ2024 የመጀመሪያውን ምርጫ አድርጋበታለች። በዚያ ሥራ መካከል ሲነሣ የከረመው ጥያቄ፣ ማለትም ወንበር የሚሰጠው ለሰው ቁጥር ነው ወይስ ለቦታ የሚለው፣ ከቢዩት በተሻለ የሚታይበት ስፍራ አላውቅም።

መጀመሪያ ቦታውን እንይ። ከግላስጎው ወደ ምዕራብ ሲወረድ የክላይድ ወንዝ እየሰፋ ሄዶ ባሕር ይሆናል። በዚያ ውኃ ላይ የተበተኑ ደሴቶች ናቸው አውራጃዋን ያቆሟት። ቢዩት ዝቅ ያለችና ለእርሻ የምትመች ናት፤ ከተማዋ ሮትሴይ መካከሉ ላይ ክብ የድንጋይ ግንብ አለባት። የብሪታንያ ዙፋን ወራሽ በስኮትላንድ የሚጠራበት «የሮትሴይ መስፍን» የሚለው ማዕረግ የዚህችው ከተማ ስም ነው። አራን በስፋት ትበልጣለች፤ ሰሜኗ ሹል ተራራ፣ ደቡቧ ለስላሳ ኮረብታ ነው። ከምብሬ ደግሞ በአንድ ማለዳ በብስክሌት የምትዞር ትንሽ ደሴት ናት። ሦስቱም ከነጭፍሮቻቸው ዛሬ 12,000 ገደማ ሕዝብ ይኖርባቸዋል። ልብ ካላችሁ፣ ይህ ጄፍሪ በተናገሩበት ዘመን ከነበረው ያነሰ ነው።

በ1707 ስኮትላንድ ከእንግሊዝ ጋር ስትዋሐድ የኤድንብራው ፓርላማ ተዘጋና ለለንደኑ 45 ወንበር ተመደበላት። ከእነዚህ 15ቱ ለከተሞች፣ 30ዎቹ ለአውራጃዎች ነበሩ። አውራጃዎቹ ግን 33 ናቸው። ሠላሳ ወንበር ለሠላሳ ሦስት ቤት እንዴት ይከፋፈል? የተገኘው መፍትሔ ለሰሚው ግራ ነው። 27 አውራጃዎች የየራሳቸውን ወንበር ያዙ። የቀሩት ስድስት ትንንሾች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንዱ ጥንድ አንዱን ወንበር በተራ እንዲጠቀም ተደረገ። አንዱ በዚህ ፓርላማ ሲመርጥ ሌላው ያርፋል፤ ፓርላማው ሲበተን ተራው ይገለበጣል።

የቢዩት ጥንድ ኬትነስ ነበረች። ኬትነስ የምትገኘው በዋናው ምድር ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ላይ ነው፤ ከሮትሴይ በአየር ቢለካ እንኳ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በመካከላቸው የከፍተኛው ምድር ተራሮች በሙሉ ተዘርግተዋል። በገበያም ሆነ በመንገድ የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም። ያጣመራቸው የሁለቱም አቅም ማነስ ብቻ ነው። የአንድ ፓርላማ ዕድሜ ከ1716 ጀምሮ እስከ ሰባት ዓመት ይደርስ ስለነበር ተራ ያልደረሰው አውራጃ ለዓመታት አፍ አልባ ሆኖ ይቀመጣል። ለምሳሌ ኬትነስ በ1741 ስትመርጥ ቢዩት እስከ 1747 ድረስ በምክር ቤቱ ማንም አልነበራትም።

ይህ ሥርዓት ማንን ጎዳ ብለን ስንጠይቅ ነው ጉዳዩ ይበልጥ የሚጥመው። የቢዩትን ወንበር እንደ ቤት ዕቃ ይዘውት የኖሩት ስቱዋርቶች፣ ማለትም የቢዩት ኧርሎች ቤተሰብ ናቸው። ሦስተኛው ኧርል ጆን ስቱዋርት በ1762 እና 1763 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው እንግሊዝንና ስኮትላንድን የመሩ የመጀመሪያው ስኮትላንዳዊ ነበሩ። ወንድማቸው ጄምስ ስቱዋርት ማኬንዚ ከ1747 እስከ 1754 ለቢዩት ተቀመጡ። በ1754 ተራው የኬትነስ ሲሆን እርሳቸው ወደ ኤር ከተሞች ወንበር ተሻገሩ፤ ከዚያም ወደ ሮስ አውራጃ። የኧርሉ ልጅ ጄምስ አርኪባልድ ስቱዋርት በ1774 ለቢዩት ገቡ፣ በ1780 ተራው ሲያልፍ በደቡብ እንግሊዝ ዴቨን ውስጥ ሌላ ወንበር አገኙ፣ በ1784 ተመልሰው ቢዩትን ያዙ። ወንበሩ ቢያርፍም ቤተሰቡ አያርፍም። በየተራው ዝም የሚለው ደሴቱ እንጂ ባለ ደሴቱ አልነበረም።

አሁን ወደ 21ዱ መራጮች እንመለስ። እንዴት ሆኖ ነው መራጩ በማይኖርበት አውራጃ የሚመርጠው? እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ ከእንግሊዛዊው ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ ርስትና ጉልት የተለያዩ መሆናቸውን ከአያቶቹ ሰምቷልና። በስኮትላንድም መሬቱን የያዘው ሰው አንድ ነው፤ በመሬቱ ላይ የበላይ ጌትነት ያለው ሰው ሌላ ነው። የምርጫ መብት የተሰጠው ለባለ ርስቱ ሳይሆን መሬቱን በቀጥታ ከዘውዱ ለተቀበለው የበላይ ጌታ ነበር፤ ያውም የመሬቱ የግብር ግምት 400 የስኮትላንድ ፓውንድ ሲሞላ። አንድ ገበሬ ሰፊ እርሻ በስሙ ይዞ እያረሰ ድምፅ የለውም። በዚያው እርሻ ላይ አንዲት ጭብጥ አፈር የሌለው፣ ግን የጌትነቱን ሰነድ የጨበጠ ጠበቃ ከኤድንብራ መጥቶ ይመርጣል።

ሰነዱ ከመሬቱ የሚለይ ከሆነ ደግሞ መሰንጠቅ ይቻላል። ትልቁ ጌታ የበላይነቱን ወደ ብዙ ቁራጭ ይከፍልና እያንዳንዱን ለወዳጅ፣ ለዘመድ፣ ለጠበቃው ያድላል። ተቀባዩ በምርጫው ቀን የታዘዘውን ይመርጣል፤ መሬቱ ግን ንቅንቅ አይልም። በዘመኑ እነዚህን ሰዎች «የብራና ባላባቶች» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። በ1788 በመላ ስኮትላንድ የአውራጃ መራጮች ተቆጥረው 2,662 ሆነው ተገኙ። ብዙዎቹም የብራና ናቸው። ለ14,000ዎቹ የቢዩት ነዋሪዎች ወንበር መኖሩ ላም አለኝ በሰማይ ነበር፤ ወተቱን የሚያልበው ሌላ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን የሚይዘኝ የ1829 ታሪክ ነው። አራን የሃሚልተን መስፍኖች ይዞታ ነበረች። በደሴቱ ሰሜን ምሥራቅ በተራራ በተከበበው የሳኖክስ ሸለቆ ጭሰኞች ከትውልድ ትውልድ ይኖሩ ነበር። የመስፍኑ አስተዳደር ሸለቆውን ለበግ እርባታ ፈለገው። በበጉ ሂሳብ ውስጥ ሰው ትርፍ ነው። በሚያዝያ ወር ቤተሰቦቹ ላምላሽ ወደተባለው ወደብ ወርደው «ካሌዶኒያ» በምትባል መርከብ ወደ ካናዳ ተጫኑ፤ ዛሬ ኩቤክ በሚባለው ክፍል ሜጋንቲክ በተባለ አካባቢ ሰፈሩ። ከመነሣታቸው በፊት አንድ ሰባኪ በባሕሩ ዳር ካለ ጉብታ ላይ ቆሞ በጌሊክ ቋንቋ እንደሰበከላቸው ይነገራል። ጥቅሱም የጴጥሮስ መልእክት ነበር ይባላል፦ «እርሱ ስለ እናንተ ያስባልና የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት።» ሌላ የሚጥሉበት አልነበራቸውም። ከ1826 እስከ 1830 የዘለቀው ፓርላማ ተራው የኬትነስ ነው። ሳኖክስ ባዶ ሲቀር የቢዩት አውራጃ በለንደን አንድም ተወካይ አልነበራትም። ተራው የቢዩት ቢሆንስ ኖሮ? የስቱዋርቶቹ ዘመድ ወይም ወዳጅ ይቀመጥ ነበር፤ ከተፈናቃዮቹም መራጭ የለ። ሁለት ጊዜ የተዘጋ በር ማለት ይህ ነው።

በ1832 የወጣው የምርጫ ማሻሻያ ሕግ ተራ መጠባበቁን ሻረ። ቢዩትም ኬትነስም የየራሳቸውን ወንበር ያዙ። እስከዚያ ድረስ ከኤር ከተሞች ጋር ትመርጥ የነበረችው ሮትሴይም ወደ አውራጃዋ ተመለሰች። በስኮትላንድ በጠቅላላ 4,500 ያህል የነበረው መራጭ ወደ 65,000 አደገ። ዐሥር ፓውንድ የሚያወጣ ቤት ወይም መሬት ያለው ሁሉ መረጠ፤ ከፍተኛ ኪራይ የሚከፍል ጭሰኛም እንዲሁ። ታላቅ ለውጥ ነው። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፤ ድምፅ የሚሰጠው በቃል፣ በአደባባይ ነበር። ጭሰኛው ስሙ ሲጠራ ተነሥቶ የሚመርጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይናገራል፤ የመሬቱ ጌታ ወኪል እዚያው ቆሞ ይሰማል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል። የኪራይ ውሉ መቼ እንደሚያበቃ ደግሞ ሁለቱም ያውቃሉ። የምስጢር ድምፅ የመጣው በ1872 ነው። ስለዚህ ከ1832 በኋላ ለአርባ ዓመት ቢዩት የወግ አጥባቂዎች ወንበር ሆና ብትቆይ መራጩ የጌቶቹን ፖለቲካ ስለወደደ ነው ማለት አይቻልም። አልፎ አልፎ ሊበራል ቢገባም ወንበሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ከዚህ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ተከተለ። ትንሿ አውራጃ የስኮትላንድ ትልልቅ የሕግ ሹማምንት መቀመጫ ሆነች። ሎርድ አድቮኬት በዚያ ዘመን ዐቃቤ ሕግ ብቻ አይደለም፤ ከ1885 በፊት ስኮትላንድን የሚመለከት የራሱ ሚኒስትር ስላልነበረ መንግሥት አገሪቱን ያስተዳድር የነበረው በእርሱ በኩል ነው። እንዲህ ያለ ሹም ኤድንብራ ፍርድ ቤት ይውላል፤ ለንደን ሕግ ያረቃል። የሚያስቸግረው መራጭ ባይኖር ይመርጣል። ሰር ዊልያም ሬይ በቢዩት ስም ከ1830 እስከ 1831፣ በኋላም ከ1833 እስከ ሞቱበት እስከ 1842 ተቀመጡ። በመካከሉ ተራው ስላለፈ ያደረጉትን ልንገራችሁ፤ አየርላንድ ውስጥ ፖርታርሊንግተን የምትባል ከተማ ወንበር ያዙ። ስለዚያ ብቸኛ መራጭ ጄፍሪ ሲናገሩ ታሪኩ ማንን እንደሚወጋ አዳራሹ ያውቃል፤ ሬይ ከጄፍሪ በፊት የሎርድ አድቮኬትነቱን ሥልጣን ይዘው የነበሩ ሰው ናቸው፤ የቢዩትም ወንበር ጥቂት ቀደም ብሎ የእርሳቸው ነበር።

ከሬይ በኋላም መንገዱ ቀጠለ። ጄምስ ሮበርትሰን በ1885 ገብተው ሎርድ አድቮኬት ሆኑና በ1891 የስኮትላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ወጡ። በእግራቸው የተተኩት አንድሩ ግራሃም መሪም እንዲሁ ሎርድ አድቮኬት፣ ቀጥሎ የስኮትላንድ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በ1905 የዚያው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት። የደሴቱ ዓሣ አጥማጅ ተወካዩን ለማየት ሲፈልግ ችሎት መግባት ሳይሻለው አይቀርም።

ግራሃም መሪ ለዳኝነት ሲወጡ በመጋቢት 1905 የማሟያ ምርጫ ተደረገ። መንግሥት አሁንም ሌላ የሕግ ሰው አቀረበ፤ የስኮትላንድ ምክትል ዐቃቤ ሕግ ኤድዋርድ ሳልቬሰንን። ይህ ጊዜ ግን ልማዱ ከሸፈ። ሊበራሉ ኖርማን ላሞንት በጥቂት ድምፅ ልዩነት አሸነፈ። አባቱ ጄምስ ላሞንት በሰሜን ዋልታ በረዶ መርከብ እየነዳ የሚያድን ሀብታም ነበር፤ ከ1865 እስከ 1868 ይህንኑ ወንበር ይዞት ነበር። የልጁም ድል ዕድሜው አጭር ሆነ፤ በ1910 ሃሪ ሆፕ የተባለ ወግ አጥባቂ ወሰደበት። እርሱም የመጨረሻው የቢዩትሸር ተወካይ ሆነ።

በ1918 ሕጉ ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ወንድ ሁሉና ሠላሳ ዓመት የሞላት በርካታ ሴት እንዲመርጡ ፈቀደ። የድምፅ ሰጪው ቁጥር ሲያብጥ ትንንሽ ወንበሮች ዋጋ አጡ፤ ቢዩትም ከሰሜን ኤርሸር ጋር ተጋባች። እዚህ ላይ አንድ የማይመች ሐቅ አለ። ቢዩት ብቻዋን የቆመችው ሰው ባልመረጠባት ዘመን ነው። ሰው ሁሉ ሲመርጥ ብቻዋን መቆሟ ቀረ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሕግ፣ በአንድ ዓመት መጡ።

«ቢዩትና ሰሜን ኤርሸር» የሚባለው አዲሱ ወንበር ለ65 ዓመት ቆየ። ተወካዮቹ ቀልብ ይስባሉ፤ በጋሊፖሊና በሶም ጦር ሜዳዎች ያዘዙት ጄኔራል ኤይልመር ሃንተር ዌስተን እስከ 1935 ነበሩ። ከ1959 እስከ 1974 ደግሞ ፊትዝሮይ ማክሊን፤ በ1943 በጃንጥላ ዩጎዝላቪያ ወርደው የቲቶ ጦር ዘንድ የቸርችል መልእክተኛ የነበሩት። ይሁንና በዚህ ወንበር መራጩ የሚበዛው በዋናው ምድር ነው፤ ደሴቶቹ በስሙ መጀመሪያ ላይ ተቀመጡ እንጂ በሚዛኑ ላይ አልነበሩም። ስም ግን ዋጋ የለውም አልልም። ቢያንስ ሦስቱም ደሴቶች አንድ ሰው ዘንድ ይጮኻሉ።

ያም ቀረ። በ1975 የአውራጃ ምክር ቤቶች ሲፈርሱ ቢዩት ወደ አርጋይል፣ አራንና ከምብሬ ወደ ከኒንጋም ተመደቡ። በ1983 የምርጫ ድንበሩ ያንኑ ተከተለ። የቢዩት ሰው ከዚያ ወዲህ «አርጋይልና ቢዩት» በሚለው መረጠ፤ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ስሙ ረዝሞ «አርጋይል፣ ቢዩትና ደቡብ ሎካበር» ሆኗል፤ የያዙት የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲው ብሬንዳን ኦሃራ ናቸው። አራንና ከምብሬ «ሰሜን ኤርሸርና አራን» ውስጥ ናቸው፤ በ2024 የሌበሯ አይሪን ካምቤል አሸነፉበት። ከአራን ተራራ ላይ ሆኖ ቢዩት በዓይን ይታያል፤ ተወካዩ ግን ሌላ ሰው፣ ሌላ ፓርቲ።

ይህ ተገቢ ነው ወይ? አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕግ መልሱን በሂሳብ ይሰጣል። እያንዳንዱ የምርጫ ክልል ከአማካዩ ከአምስት በመቶ በላይ ሊበልጥም ሊያንስም አይችልም። ለ2024 ምርጫ የተሠራው አማካይ 73,393 መራጭ ነበር፤ ዝቅተኛው 69,724፣ ከፍተኛው 77,062። በዚህ ስሌት ስኮትላንድ ከ59 ወደ 57 ወንበር ወርዳለች። ሦስቱ ደሴቶች ተደምረው ከነሕፃናቶቻቸው 12,000 ሰው ናቸው። ብቻቸውን ይቁሙ ማለት የአንድ ደሴተኛን ድምፅ ከስድስት ግላስጎዋዊ በላይ ማድረግ ነው። በዚህ ረገድ ክርክር የለኝም። ድምፅ እኩል ይሁን ያሉ ሰዎች ሲታገሉ የነበረው እንደነዚያ 21 ባለ ብራናዎች ካሉ ሰዎች ጋር ነውና።

ሕጉ ግን ለራሱ አይታመንም። ከሂሳቡ ነፃ ያደረጋቸው ደሴቶች አሉት። ኦርክኒና ሼትላንድ በ34,000 ገደማ መራጭ፣ የምዕራብ ደሴቶች በ21,000 ገደማ መራጭ የየራሳቸው ወንበር አላቸው። የ2011 ሕግ ሲረቀቅ የተጠበቁት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። በደቡብ እንግሊዝ የምትገኘው የዋይት ደሴት ነዋሪዎች ከዋናው ምድር ጋር አንቀላቀልም ብለው ተነሡ፤ በላይኛው ምክር ቤት ክርክር ሕጉ ተሻሽሎ እነርሱም ተጨመሩ፤ አሁን ሁለት ወንበር አላቸው። በ2020 ደግሞ የዌልሷ የአንግልሲ ደሴት ተጨመረች። እንግዲህ ባሕር ከሂሳብ ይበልጣል የሚለው መርሕ አለ ማለት ነው። ለማን እንደሚሠራ የሚወስነው ግን የጩኸቱ መጠን ይመስለኛል። ቢዩትና አራን የጠየቁት የራስ ወንበር ቢሆን አይቻልም ብሎ መመለስ ቀላል ነበር። አንድ ላይ እንሁን የሚለው ጥያቄ ግን አማካዩን አያፈርስም፤ ሦስቱንም ደሴቶች በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ አስገብቶ ቀሪውን ከዋናው ምድር መሙላት ይቻል ነበር። እስከ 1983 ድረስ እንዲሁ ነበርና።

በዚህ ላይ የሚሰነዘረው ጥሩ መከራከሪያ ጀልባው ነው። የቢዩት ጀልባ በ35 ደቂቃ ዌሚስ ቤይ ያደርሳል። የከምብሬው ላርግስ ነው። የአራን ሰው ወደ አርድሮሰን ወይም ወደ ትሩን ይሻገራል። ከሮትሴይ ወደ አራኗ ብሮዲክ ቀጥታ የሚሄድ መደበኛ ጀልባ የለም፤ ጎረቤት ደሴት ለመድረስ በጀልባ ወደ ዋናው ምድር፣ በባቡር ወይም በአውቶቡስ ወደ ደቡብ፣ እንደገና በጀልባ። የክላይድ የእንፋሎት መርከቦች ከደሴት ደሴት በሚመላለሱበት ዘመን አውራጃዋ በውኃ የተሰፋች አንድ ቁራጭ ነበረች። ስፌቱ ሲተረተር ድንበር ሠሪዎቹ የጀልባውን መሥመር ተከትለው ቆረጡ። ሐሰት አይደለም። ግን ጀልባው የት እንደሚሄድ የሚወስነውም ፖለቲካ ነው፤ ውሳኔን በሌላ ውሳኔ ማስረዳት ብዙ ርቀት አያስኬድም።

የጀልባ ነገር ከተነሣ፣ ለአራን መሥመር የታዘዘችው መርከብ ታሪክ የስኮትላንድን ሕዝብ ሲያስቆጣ ኖሯል። በ2015 ሁለት መርከቦች በ97 ሚሊዮን ፓውንድ ታዘዙ፤ የመጀመሪያዋ በ2018 ልትደርስ ነበር። ወጪው ከአራት እጥፍ በላይ ሄደ፤ መርከቧ ሥራ የጀመረችው በጥር 2025 ነው። ያውም አርድሮሰን ወደብ ስለማይችላት ከትሩን። ደሴተኛው በእነዚያ ዓመታት የሆስፒታል ቀጠሮ ሲያመልጠው፣ የሆቴሉ እንግዳ ሲቀርበት፣ ጭነቱ ወደብ ላይ ሲያድር ኖረ። ጀልባ በ1999 እንደገና በተከፈተው በኤድንብራው ፓርላማ ሥር ነው፤ እዚያም ደሴቶቹ በሁለት ወንበር ተከፍለዋል። መርከቧ የተሰጣት ስም ደግሞ «ግሌን ሳኖክስ» ነው፤ የሳኖክስ ሸለቆ። በ1829 ሰው የተጫነበት ያው ሸለቆ። ስሙን ያወጡት ሰዎች ይህን አስበው እንደሆነ እንጃ።

ጥቂት ድምፅ ምንም አይለውጥም ለሚል ሰው ደግሞ የ2007 የስኮትላንድ ፓርላማ ምርጫ አለ። አራንና ከምብሬ ያሉበት የከኒንጋም ሰሜን ወንበር በ48 ድምፅ ልዩነት ከሌበር ወደ ብሔራዊ ፓርቲው ተሻገረ። በአጠቃላይ ውጤቱ ብሔራዊ ፓርቲው 47፣ ሌበር 46 ወንበር አግኝተው የብሔራዊ ፓርቲው መሪ አሌክስ ሳልሞንድ ለመጀመሪያ ጊዜ መንግሥት መሠረቱ። የስኮትላንድ ምርጫ የማካካሻ ወንበሮችም ስላሉት 48ቱ ድምፆች ብቻቸውን መንግሥት ለወጡ ማለት ይከብዳል። ቢሆንም በዚያ ሌሊት ከጀልባ የወረደ የአንድ ትንሽ መንደር ሳጥን ምን ያህል እንደሚመዝን ሁሉም አይቷል።

ዛሬ ቢዩትሸር በምርጫ መዝገብ ላይ የለችም፤ በአስተዳደር ካርታም የለችም። ሙሉ ሆና የምትገኘው በአንድ ቦታ ነው፤ በስኮትላንድ የመሬት መዝገብ። መዝገቡ አሁንም የሚሠራው በድሮዎቹ አውራጃዎች ነውና ሮትሴይ ውስጥ የተገዛ ቤትም ሆነ ብሮዲክ ውስጥ የተገዛ ቤት የሚመዘገበው በቢዩት አውራጃ ሥር ነው። የሁለቱም ይዞታ ቁጥር የሚጀምረው በተመሳሳይ ሦስት ፊደላት ነው። ድሮ የመምረጥ መብት ይፈልቅበት የነበረው የበላይ ጌትነት ግን ከዚያ መዝገብ ወጥቷል፤ የስኮትላንድ ፓርላማ በ2000 ያወጣው ሕግ ኅዳር 28 ቀን 2004 ሥራ ላይ ሲውል የመጨረሻዎቹ የብራና ጌቶች ከመሬቱ ላይ እጃቸውን አነሡ።